ሸራው ላይ የሌለውን አንጎላችን ያዋጣል

ጥያቄ፦ «በቅርቡ ከወንድሜ ጋር የዘመናዊ ሥዕል ኤግዚቢሽን ለማየት ሄጄ ነበር። አንዱ ትልቅ ሸራ ላይ ያለው ሁለት ሦስት ጠርዛቸው የደበዘዘ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ወንድሜ ‹ይሄንንማ ልጄም ይሥለዋል› ብሎ አለፈ። እኔም ምንም አልተሰማኝም። አጠገቤ የቆመች ሴት ግን እንባዋን ትጠርግ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ የአንጎል ሳይንቲስቶች ዘመናዊ ሥዕልን እያጠኑት እንደሆነ አየሁ። እውነት ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አለ? ያቺ ሴት ያየችው፣ እኔ ያላየሁት ምንድን ነው? ጥሩውን ሥዕል ከመጥፎው በአንጎል ምርመራ መለየትስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ሙያዬ ዓይን ያየውን አንጎል እንዴት እንደሚተረጉመው ማጥናት ነው። ሥዕል ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ሰው ሲጠይቀኝ በአጭሩ መመለስ አይሆንልኝም። ይታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዎ፣ ግንኙነቱ እውነተኛ ነው። ግን ሳይንቲስቶቹ መጥተው ሥዕልን ፈቱት ማለት አይደለም። ቀድመው የሄዱት ሠዓሊዎቹ ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሠዓሊዎች እይታን እንደ ሰዓት ፈታተው ማየት ጀመሩ። አንዱ ቀለምን ብቻ ነጥሎ ያዘ። ሌላው መስመርን፣ ሌላው እንቅስቃሴን። ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ መሣሪያቸው ዓይናቸውና ሸራቸው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የነርቭ ሴሎችን አንድ በአንድ ማዳመጥ ሲችሉ፣ አንጎልም እይታን በዚያው ዓይነት እየከፋፈለ እንደሚሠራ አገኙ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ዓይን ካሜራ አይደለም። እያንዳንዱ ዓይናችን ውስጥ ወደ 125 ሚሊዮን የሚጠጉ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ ነው ያሉት። ገና ከበሩ ብዙ ነገር ይጨመቃል፤ ብዙ ነገር ይጣላል። ጥርት አድርገን የምናየው ቦታም በጣም ትንሽ ነው። ክንድዎን ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጥፍር ይዩ። ያችን የምታህል ናት። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ብዥ ያለ ነው።

ታዲያ ዓለም ለምን ሙሉና ጥርት ያለ ሆኖ ይታየናል? የጎደለውን አንጎል ስለሚሞላው ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ይህን በ1860ዎቹ ጽፎታል። እሱ እንዳለው ማየት ማለት ሳይታወቀን የምንገምተው ግምት ነው። አንጎል ከዓይን የሚደርሰውን ጥቂት ፍንጭ ይወስዳል። ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር ያገናኘዋል። በመጨረሻ «ይህ ዛፍ ነው፤ ይህ እናቴ ናት» ይላል። ሁሉም የሚያልቀው እኛ ሳናውቀው ነው።

ይህ ሐሳብ ሥዕል ዓለም ውስጥ የገባው በቪየና በኩል ነው። የጥበብ ታሪክ ምሁሩ አሎይስ ሪግል፣ ከእሱም በኋላ ኤርንስት ክሪስና ኤርንስት ጎምብሪክ፣ ሥዕል ያለ ተመልካች አያልቅም አሉ። ሠዓሊው ግማሹን ይሠራል፤ ቀሪውን የሚጨርሰው ተመልካቹ ነው። «የተመልካቹ ድርሻ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ኤሪክ ካንደል ደግሞ በዚያችው ከተማ በ1929 ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ የወጣ ሰው ነው። ትዝታ ነርቭ ሴሎች ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አጥንቶ በ2000 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በኋለኛው ዕድሜው የተመልካቹን ድርሻ ከአንጎል ሳይንስ ጋር ያያያዘው እሱ ነው። የእርስዎም ጥያቄ መልስ በአብዛኛው እዚህ ድርሻ ውስጥ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሠዓሊዎቹ ምን እንዳደረጉ ላሳይዎት።

ፒየት ሞንድሪያንን እወስዳለሁ። በቀጫጭን ጥቁር መስመሮችና በቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አራት ማዕዘኖቹ የሚታወቀው ሆላንዳዊ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሆነ ሰውየው መሣል የማይችል ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የዛፍ ሥዕሎቹን በተሣሉበት ቅደም ተከተል ደርድሬ አየሁ። በ1908 አካባቢ የሣለው ዛፍ ዛፍ ነው። ቀይ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ይጠማዘዛሉ፤ ነፍስ አለው። በ1911 የሣለው ግራጫ ዛፍ ግን ከግንድና ከቅርንጫፍ ይልቅ የመስመሮች መረብ ይመስላል። በ1912 ያበበ የፖም ዛፍ ሲሥል ዛፉን የሚያገኙት ርዕሱን ካነበቡ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀሩት አጫጭር ቋሚና አግድም ጭረቶች ብቻ ናቸው። ሰውየው ዛፉን አልረሳውም። አንድ በአንድ እየቀነሰ «ይህንን ባወጣስ? አሁንም የቀረ ነገር አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ በየቀኑ እንሠራዋለን። የሞንድሪያን ጥያቄ ከእኛ ጥያቄ እንደማያንስ የገባኝ ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ አንዲት ድመት ታሪክ እንሂድ። በ1958 ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የሚባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች በማደንዘዣ የተኛች ድመት አንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው አንድ የነርቭ ሴል ያዳምጡ ነበር። ድመቷ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ነጠብጣቦችን ያሳያሉ። ሴሉ ዝም ይላል። ሰዓታት አለፉ። በመጨረሻ ነጠብጣብ ያለበትን መስታወት ማሳያው ውስጥ ሲያስገቡ ሴሉ በድንገት ተንጣጣ፤ የኤሌክትሪክ ምልክት መላክ ጀመረ ማለት ነው። ነጠብጣቡ አልነበረም የቀሰቀሰው። የመስታወቱ ጠርዝ ስክሪኑ ላይ የጣለው ቀጭን የጥላ መስመር ነበር። ያ ሴል የሚፈልገው በአንድ በተወሰነ አቅጣጫ ያዘነበለ መስመር ነው። ጎረቤቱ ሌላ ዝንባሌ ይፈልጋል። በ1959 ግኝታቸውን አሳተሙ፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የእይታችን የመጀመሪያው ፊደል መስመር ነው ማለት ነው። ሞንድሪያን የሞተው በ1944 ነው። ይህን ሳይሰማ ነው የሄደው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሞንድሪያን የነርቭ ሴሎቹን አገኘ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አታጋንን ይበሉት። ሴሎቹ ለቋሚ፣ ለአግድምም ለሰያፍም መስመር ይንጣጣሉ። ሞንድሪያን ግን ሰያፍን አይወድም ነበር። ከወዳጁ ከቴኦ ፋን ዱስቡርግ ጋር በ1920ዎቹ አጋማሽ ከተለያዩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሰያፍ መስመር ጉዳይ ነው ይባላል። ሆኖም እዚህም ውስጥ አንድ እውነት አለ። የሰው ዓይን ቋሚና አግድም መስመሮችን ከሰያፎቹ በተሻለ ይለያል። ይህ ተደጋግሞ የተለካ ነገር ነው። በ2000 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሞንድሪያንን ሥዕሎች እያዞሩ ለሰዎች አሳዩ። ሰዎቹ የበለጠ የወደዱት መስመሮቹ ቋሚና አግድም ሆነው ሲታዩ ነበር። የሠዓሊው ምርጫ ከዓይናችን ባሕርይ ጋር ይገጥማል ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ማለት አልደፍርም።

ስለ ቀለም ላውራ። ይህ የምወደው ክፍል ነው፤ ቤትዎ ሆነው ሊሞክሩትም ይችላሉ። ክሎድ ሞኔ በ1872 አንድ የወደብ ንጋት ሣለ። ግራጫ ሰማያዊ ጭጋግ አለ፣ ጀልባዎች አሉ፣ መሃል ላይ ብርቱካናማ ፀሐይ አለች። ኢምፕሬሽኒዝም የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ሥዕል ርዕስ ነው። ፀሐይዋን ትክ ብለው ሲያዩዋት የምትርገበገብ ይመስላል። አሁን የሥዕሉን ፎቶ በስልክዎ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ፀሐይዋ ከሞላ ጎደል ትጠፋለች። ለምን? በቀለም ከሰማዩ ትለያለች እንጂ በብርሃን መጠን እኩል ናት።

የሃርቫርዷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሊቪንግስተን ምክንያቱን አስረድታዋለች። አንጎላችን ያየነውን ቢያንስ በሁለት መንገድ ያስኬደዋል። አንዱ መንገድ ቀለምንና ቅርጽን ይለያል፤ «ምንድን ነው?» ለሚለው ይመልሳል። ሌላው ቀለም አያይም። የብርሃን ልዩነትን ብቻ ይዞ «የት ነው? ይንቀሳቀሳል ወይ?» ለሚለው ይመልሳል። የሞኔን ፀሐይ የመጀመሪያው መንገድ ደማቅ አድርጎ ያያታል። ሁለተኛው ግን ከሰማዩ መለየት ያቅተዋል፤ ቦታዋን መያዝ አይችልም። ርግብግቢቱ የሚመጣው ከዚህ አለመስማማት ነው። ሞኔ ይህን በቃል አላስረዳም። በብሩሹ ግን ደርሶበታል።

ተቃራኒውን ያደረጉትም አሉ። በ1905 ሄንሪ ማቲስ የሚስቱን ፊት ሲሥል ከግንባሯ እስከ አገጯ አረንጓዴ መስመር አወረደባት። በዚያው ዓመት የእሱንና የጓደኞቹን ሥራ ያዩ ሰዎች «አውሬዎች» አሏቸው፤ ስሙም ፎቪዝም ሆኖ ቀረ። ሆኖም የማቲስ ፊት ፊት ነው፤ አይፈርስም። ምክንያቱም ቀለሙ እንግዳ ቢሆንም ብርሃንና ጥላው ብዙም ቦታውን አልለቀቀም። ቅርጹን የሚያነበው የአንጎል ክፍል የሚፈልገውን አግኝቷል። ስለዚህ ቀለሙ ነፃ ወጣ። እንደፈለገ ይጩኽ፣ ስሜት ብቻ ይናገር። ማቲስ ቀለምን ከቅርጽ መለየት ይቻላል ብሎ ተወራረደ፤ አንጎላችንም በመጠኑ ይለያቸዋል።

ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ የሚያሳይ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ኦሊቨር ሳክስ የሚባለው የነርቭ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በ1987 ጽፎታል። ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም ሰው ወይም ዕቃ ለይቶ የማያሳይ ሥዕል፣ የሚሥል አንድ ሠዓሊ በ65 ዓመቱ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ዓይኑ ደህና ነበር። የጠፋው ቀለም ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ደማቅ ሥዕሎቹ ተሰቅለው ነበር፤ ሁሉም ግራጫ ሆኑበት። በሐሳቡም፣ በሕልሙም ቀለም ማምጣት አቃተው። መጀመሪያ መኖር አስጠላው። ቆይቶ በጥቁርና በነጭ መሣል ጀመረ፤ በዚያም ቀጠለ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይሰማኛል። «ቀለም» ብለን የምንጠራው ነገር ግማሽ ሕይወቱ ያለው ከራስ ቅላችን ውስጥ ነው።

እንቅስቃሴም የራሱ ቤት አለው። ለንደን ውስጥ የሚሠራው ሴሚር ዘኪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለቀለምና ለእንቅስቃሴ የተለዩ የአንጎል ቦታዎችን አጥንቷል። አንጎል ውበትን እንዴት እንደሚያይ ለሚያጠናው መስክ «ኒውሮኤስቴቲክስ» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። የእንቅስቃሴው ቦታ ሲጎዳ ምን እንደሚሆን በ1983 ታሪኳ የታተመ አንዲት ታማሚ አሳይታለች። መጠጥ ስትቀዳ ፈሳሹ እንደ በረዶ ደርቆ ይታያት ነበር፤ ብርጭቆው መሙላቱን የምታውቀው ሲፈስ ነው። አሌክሳንደር ካልደር በ1930ዎቹ በሽቦ የተንጠለጠሉ፣ በነፋስ የሚዞሩ ቅርጻ ቅርጾች ሲሠራ ቀለሙን ወደ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ቀነሰ። ዘኪ እንደሚለው እንቅስቃሴው ብቻውን እንዲናገር ነው። የእንግሊዛዊቷ ሠዓሊ የብሪጅት ራይሊ ጥቁርና ነጭ ሞገዶች ደግሞ ሳይንቀሳቀሱ ይንቀሳቀሳሉ። ዓይናችን ትክ ብሎ ሲያይ እንኳ ስለማያርፍ፣ ጥቃቅን ዝላዮቹ መስመሮቹን ያተራምሷቸዋል።

ፊት ላይ ግን መቆየት አለብኝ። አንጎላችን ለፊት ያለው ፍቅር የተለየ ነው። በ1997 ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ ከጆሮ ጀርባ ዝቅ ብሎ፣ በአንጎል የታችኛው ገጽ ላይ፣ ፊት ስናይ ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ የሚነቃ ቦታ አሳዩ። ዶሪስ ሳኦና ባልደረቦቿ ደግሞ የዝንጀሮ አንጎል ውስጥ እንዲህ ያሉ ሴሎችን አንድ በአንድ አዳመጡ። ያሳዩአቸው በካርቱን የተሣሉ ፊቶችን ነው። ብዙዎቹ ሴሎች በጣም የሚንጣጡት ለተጋነነ ነገር ነበር፤ ከተፈጥሮ ውጭ ለሰፋ ዓይን፣ ከልክ በላይ ለተራራቁ ዓይኖች።

የወፍ ነገር እዚህ ይገባል። የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪው ኒኮ ቲንበርገን የባሕር ወፍ ጫጩቶችን ሲያጠና አንድ የሚገርም ነገር አየ። የእናታቸው ምንቃር ቢጫ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ጫጩቶቹ ምግብ ለመለመን ያንን ነጥብ ይነቁራሉ። ቲንበርገን ቀጭን ቀይ ዘንግ ወስዶ ጫፉ ላይ ነጭ ቀለበቶች ሠራና አቀረበላቸው። እናታቸውን ጨርሶ አይመስልም። ጫጩቶቹ ግን ከእውነተኛው አምሳያ የበለጠ ነቆሩት። ራማቻንድራን የሚባለው ተመራማሪ በ1999 ይህን ይዞ መጣና ሥዕልም እንዲህ ነው አለ። ሠዓሊው የነገሩን ፍሬ ያገኝና ያጋንነዋል፤ አንጎላችንም ከእውነተኛው በላይ ይመልሳል። ለሁሉም ሥዕል ይሠራል ብዬ አላምንም። የኦስትሪያዊውን ሠዓሊ የኤጎን ሺለን የተጠማዘዙ እጆችና የጎደጎዱ ፊቶች፣ ወይም የአገሩን ልጅ የሠዓሊውን ኦስካር ኮኮሽካን ሰዎች ሳይ ግን ሐሳቡ እውነት ይመስለኛል። ፎቶ ከሚነግረኝ የበለጠ ስለሰውየው ጭንቀት ይነግሩኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ቸክ ክሎዝ ነው። አሜሪካዊው ክሎዝ በ2021 እስኪሞት ድረስ ሕይወቱን ሙሉ የሣለው የሰው ፊት ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ግዙፍ ፊቶች። እሱ ግን ፊት የመለየት ችግር ነበረበት። የሚያውቀውን ሰው ፊት ለፊት ቢያገኘው ላያውቀው ይችላል። ፊት ጠፍጣፋ ፎቶ ላይ ሲሆን ግን ይይዘው ነበር። ስለዚህ ፎቶውን በትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ አንድ በአንድ ወደ ሸራ ያሻግረዋል። በኋለኛው ሥራው እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ቀለበትና ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው። ቀርበው ሲያዩት ረቂቅ ሥዕል ነው። ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ሲሉ ሰው ቆሞ ያይዎታል። ፊቱን የሠራው ማን ነው? ካሬዎቹ ውስጥ ፊት የለም። የሠራው አንጎልዎ ነው። የተመልካቹ ድርሻ ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደዚያች ሴት እንምጣ። እርስዎ ያዩት ሥዕል የማርክ ሮትኮ ይሁን አይሁን አላውቅም። አገላለጽዎ ግን እሱን አስታወሰኝ። ሮትኮም ሰውና ከተማ እየሣለ ጀምሮ ነው ሁሉንም እየጣለ የሄደው። በ1950 አካባቢ የቀሩት ጠርዛቸው የደበዘዘ፣ የሚንሳፈፉ የቀለም ሜዳዎች ናቸው። ሥዕሎቹ ፊት የሚያለቅሱ ሰዎች ነበሩ፤ እሱም ያውቅ ነበር። እኔ ስሥል የተሰማኝን ነው የሚሰማቸው ይል ነበር። በሂዩስተን በ1971 የተከፈተው በስሙ የሚጠራ የጸሎት ቤት ውስጥ 14 ሥዕሎቹ አሉ። ከሩቅ ጥቁር የሚመስሉ ናቸው። ሰዎች እዚያ ለሰዓታት ይቀመጣሉ።

ካንደል የሚያቀርበው ማብራሪያ ለእኔ አሳማኝ ነው። አንጎል ውስጥ ወሬ የሚሄደው በሁለት አቅጣጫ ነው። ከዓይን ወደ ላይ፣ ከትዝታና ከስሜት ደግሞ ወደ ታች። አንድ ሥዕል ላይ ፈረስ፣ ቤትና ሰው ካለ ሥራው ቶሎ ያልቃል። «ፈረስ ነው» ይላሉ፤ ያልፋሉ። ረቂቅ ሥዕል ላይ ግን ከዓይን የሚመጣው ፍንጭ ጥቂት ነው። አንጎል ስም የሚሰጠው ነገር ያጣል። ያኔ ከራሱ ጓዳ ማውጣት ይጀምራል። ትዝታ፣ ሐዘን፣ ናፍቆት፣ የሆነ ቀን ያየው ሰማይ። ያቺ ሴት ያለቀሰችው ሸራው ላይ እርስዎ ያላዩት ምልክት አይታ አይደለም። ሁለታችሁም ያያችሁት አንድ ነገር ነው። እሷ ግን በዚያ ቀን ያዋጣችው ነገር ነበራት። ምናልባት በቅርቡ ሰው አጥታ ይሆናል። ወይም ብዙ ጊዜ እንዲህ ካሉ ሥዕሎች ፊት ቆማ ስለምታውቅ አንጎሏ መንገዱን ለምዶት ይሆናል።

ይህን የሚደግፉ ጥናቶች አሉ። በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት 16 ሰዎችን በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝቶ 109 ሥዕሎች አሳያቸው። እጅግ በጣም ነካኝ ባሏቸው ሥዕሎች ጊዜ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ስለራሳችን ስናስብና ወደ ውስጥ ስናይ የሚሠራው የአንጎል መረብ ነቃ። ወደ ውጭ ስናይ ብዙውን ጊዜ ጋብ የሚል መረብ ነው። «ጥሩ ነው» የተባሉት ሥዕሎች ግን ይህን አላደረጉም፤ ልብ የነኩት ብቻ ናቸው። ደግሞ ልብ ይበሉ፤ አንዱን የነካው ሥዕል ሌላውን አልነካም። በሰዎቹ መሃል ያለው ስምምነት ዝቅተኛ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ምንም ስላልተሰማዎት የጎደለዎት ነገር የለም።

ካንደልና ባልደረቦቹ በ2020 ያሳተሙት ሌላ ጥናትም ደስ ይለኛል። ሰዎች የሞንድሪያን፣ የሮትኮ፣ የክሊፎርድ ስቲልና የክሎዝን ሥዕሎች አዩ። ተጨባጭም ረቂቅም ነበረበት። «ይህን ነገ በሚከፈት ጋለሪ ትሰቅለዋለህ ወይስ ከዓመት በኋላ በሚከፈት? እዚሁ አጠገብ ወይስ ሩቅ?» ተባሉ። ረቂቆቹን ወደ ሩቅ ጊዜና ወደ ሩቅ ቦታ የመላክ ዝንባሌ አሳዩ። ሩቅ ስላለ ነገር ስናስብ ዝርዝሩን ትተን ጠቅለል አድርገን ነው የምናስበው። ረቂቅ ሥዕልም አእምሯችንን ወደዚያ ሁኔታ የሚወስደው ይመስላል።

የወንድምዎ ነገርስ? «ልጄም ይሥለዋል» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ደግነቱ ይህም ተፈትኗል። በ2011 ሁለት የቦስተን ተመራማሪዎች የታወቁ የረቂቅ ሥዕል ሠዓሊዎችን ሥራ ከሕፃናትና ከእንስሳት ሥዕል ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገው አቀረቡ። ቀለማቸውና ቅርጻቸው እንዲመሳሰል ተመርጠው ነው። የትኛው እንደሚሻል ተማሪዎች ፈረዱ። አንዳንዴ የተጻፈው ስም ሆን ተብሎ ተገለባብጦ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከግማሽ በላይ፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆነው ጊዜ፣ የሠዓሊውን ሥራ መረጡ። ሥዕል ያልተማሩትም ጭምር። ሲጠየቁም «ታስቦበታል» ይሉ ነበር። ከሸራው ጀርባ ያለውን ሐሳብ ዓይናችን ሳናውቀው ይይዛል ማለት ነው። ግን ወንድምዎንም አይጫኑት። ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ጊዜ ስህተት ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ጥሩውን ከመጥፎው በማሽን መለየት ይቻላል ወይ ነው። አይቻልም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። በ2004 ዘኪና ባልደረባው አሥር ሰዎችን ሥዕል እያሳዩ መረመሩ። «ቆንጆ ነው» ያሉትን ሲያዩ ከዓይን በላይ፣ ከግንባር ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል በብዛት ነቃ። ጋዜጦች «የውበት ቦታ ተገኘ» አሉ። ነገር ግን ይኸው ቦታ ለጣፋጭ ምግብም፣ ለገንዘብም፣ ለቆንጆ ፊትም ይነቃል። የሚነግረን «ይህ ሰው ወዶታል» የሚለውን ነው። ሰውየውን መጠየቅም ይበቃ ነበር።

የባሰም አለ። በ2009 ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ረቂቅ ምስሎችን ለሰዎች ሲያሳዩ ግማሹን «ከጋለሪ የመጣ»፣ ግማሹን «በኮምፒውተር የተሠራ» አሏቸው። ከጋለሪ መጣ የተባለው የበለጠ ተወደደ፤ ያ የግንባር ቦታም የበለጠ ነቃ። ልዩነቱ ሸራው ላይ አልነበረም፤ ከሥሩ በተጻፈው ቃል ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የሞተ ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት። ስሌቱ በጥንቃቄ ካልተሠራ በዓሣው አንጎል ውስጥ «የነቃ» ቦታ እንደሚወጣ አሳዩ። የእኛ መስክ ይህን ትምህርት በብዙ ዋጋ ነው የተማረው። ስለዚህ ባለቀለም የአንጎል ፎቶ ይዞ ስለ ሥዕል የሚምል ሰው ሲያዩ ስንት ሰው እንደተመረመረ ይጠይቁ።

የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክን ነገርም ላንሳ። በ1999 አንድ የፊዚክስ ሊቅ የፖሎክ የቀለም ጠብታዎች ፍራክታል ናቸው፤ እንደ ደመናና እንደ ባሕር ዳርቻ ሲያጎሏቸውም ያው መልክ አላቸው ብሎ አሳተመ። ብዙ ሰው ወደደው፤ እኔም ወደድኩት። በ2006 ሌሎች ሳይንቲስቶች ልኬቱ አይበቃም፣ ተራ ጭረትም ያንኑ ውጤት ይሰጣል አሉ። ክርክሩ ከባድ ነበር። ፖሎክ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም ፖሎክ ነው። ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን እየተራመደ የጣለው ቀለም ዛሬም ያስቆመኛል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ማስረዳት አልችልም።

አሁን አንድ ነገር እንዲያደርጉ ልለምንዎት። ኤግዚቢሽኑ ካልተዘጋ ይመለሱ። ሰው በሌለበት ሰዓት ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ በሥዕሉ ሥር የተጻፈውን አያንብቡ። ቀረብ ብለው ይቁሙ፤ ሮትኮ ሥዕሎቹን ከቅርብ እንዲያዩለት ይፈልግ ነበር። ሸራው የዓይንዎን ዳር እስከ ዳር ይሙላው። ከዚያ መሃሉ ላይ አንድ ቦታ መርጠው ዓይንዎን እዚያ ያሳርፉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል አይንቀሳቀሱ። የደበዘዙት ጠርዞች ቀስ እያሉ መጥፋት ይጀምራሉ። ዓይንዎን ትንሽ ሲያንቀሳቅሱ ተመልሰው ብቅ ይላሉ። ትሮክስለር የሚባል የስዊስ ሐኪም በ1804 የጻፈው ክስተት ነው። የነርቭ ሴሎች የማይለወጥ ነገር ሲሰለቻቸው መናገር ያቆማሉ፤ ጠርዙ ብዥ ያለ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ሥዕሉ ሲተነፍስ የሚታይዎት ያኔ ነው።

አሥር ደቂቃ ይስጡት። እንባ አይጠብቁ። ምን ትዝ እንዳለዎት ብቻ ልብ ይበሉ፤ ምንም ካልመጣ ወደሚቀጥለው ሥዕል ይለፉ። ወንድምዎንም ይዘውት ይሂዱ። ለእሱ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የሞንድሪያንን ዛፎች ከ1908 ጀምሮ በቅደም ተከተላቸው ያሳዩት።